የመጀመሪያ ዘፈን በጊታር

የመጀመሪያ ዘፈን በጊታር የሚባለው አንድ ጀማሪ ምቱን ሳያቋርጥ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚጫወተው ቀላል ዜማ ወይም አጀባ ነው። በባለ 6 ክር ጊታር ሁለት መንገዶች የተለመዱ ናቸው። አንደኛው ዜማውን በነጠላ ድምፆች መጫወት ሲሆን፣ ሁለተኛው ዘፋኝን በኮርድ ማጀብ ነው። ኮርድ ማለት በአንድነት የሚሰሙ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ድምፆች ናቸው። በክራር አጨዋወት ከሚታወቁት ስልቶች ድርደራ ለመጀመሪያው፣ ግርፍ ለሁለተኛው ይቀርባል።

መቃኘት

ክሮቹ ከቀጭኑ ጀምሮ ይቆጠራሉ፤ ቀጭኑ 1ኛ፣ ወፍራሙ 6ኛ ነው። በተለመደው ቅኝት ከ6ኛው ወደ 1ኛው ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ ይባላሉ። 5ኛው ክር (ኤ) 110 ኸርዝ ነው። ጊታሩ ካልተቃኘ ጣት በትክክል ቢቀመጥም ኮርዱ አያምርም፤ ጀማሪውም ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ልምምድ በፊት በስልክ መቃኛ ማስተካከል ይጠቅማል። መቃኛ ከሌለ 5ኛው ፍሬት ላይ የተጫነ ክር ከቀጣዩ ቀጭን ክር ጋር እኩል መሰማት አለበት። ከዚህ የሚለየው 3ኛው ክር ብቻ ነው፤ እሱ 4ኛው ፍሬት ላይ ይጫናል።

የጣት አቀማመጥ

ፍሬት በጊታሩ አንገት ላይ የተጋደመ ቀጭን ብረት ነው። ጣት የሚያርፈው በብረቱ ላይ ሳይሆን ከጀርባው ተጠግቶ ነው። ርቆ ከተጫነ ክሩ ይንጫጫል፤ ጣቱ ከተጋደመ ደግሞ ጎረቤት ክር ያፍናል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የጣት ጫፍ ማመሙ የተለመደ ነው፤ ቆዳው እየጠነከረ ሲሄድ ሕመሙ ይቀንሳል። የናይለን ክር ከብረት ክር ይልቅ ለጣት ይለሰልሳል።

ትዝታን በነጠላ ድምፅ

ከኢትዮጵያ ዋና ዋና ቅኝቶች አንዱ የሆነው ትዝታ 5 ድምፆች ስላሉት ለጀማሪ ይመቻል። ከሲ ሲጀመር ሜጀር ትዝታ እንዲህ ይገኛል፦

- ሲ፦ 5ኛ ክር፣ 3ኛ ፍሬት
- ዲ፦ 4ኛ ክር፣ ሳይጫን
- ኢ፦ 4ኛ ክር፣ 2ኛ ፍሬት
- ጂ፦ 3ኛ ክር፣ ሳይጫን
- ኤ፦ 3ኛ ክር፣ 2ኛ ፍሬት

ለዚህ የቀለበት ጣትና የመሃል ጣት ብቻ ይበቃሉ። ኢ እና ኤ ወደ 1ኛው ፍሬት ሲወርዱ፣ ማለትም በሌባ ጣት ሲጫኑ፣ ቅኝቱ ማይነር ትዝታ ይሆናል። ክራር ላይ ለዚህ ክሮቹን እንደገና መቃኘት ሲያስፈልግ ጊታር ላይ ግን አንድ ፍሬት መመለስ ይበቃል።

ሁለት ኮርድ

ለአጀባ ኢ ሜጀር እና ኤ ማይነር ጥሩ መነሻ ናቸው። በኢ ሜጀር የመሃል ጣት 5ኛ ክር 2ኛ ፍሬት፣ የቀለበት ጣት 4ኛ ክር 2ኛ ፍሬት፣ ሌባ ጣት 3ኛ ክር 1ኛ ፍሬት ላይ ያርፋሉ። ሦስቱም ጣቶች ቅርጻቸውን ሳይለውጡ አንድ ክር ወደ ቀጭኑ ሲሻገሩ ኤ ማይነር ይሆናል፤ በዚህኛው 6ኛው ክር አይመታም።

ምት

ጀማሪን ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው ኮርዱን መያዝ ሳይሆን መቀየሩ ነው። ግራ እጅ ሲዘገይ ቀኝ እጅም ይቆማል፤ ዘፈኑም ይቆረጣል። የሚመከረው በዝግታ እስከ 4 እየቆጠሩ ክሮቹን ወደ ታች መምታት፣ በየ4 ምቱ ኮርድ መቀየር፣ ጣት ባይደርስም ቀኝ እጅን አለማቆም ነው። አንድ ድምፅ ቢሳሳት አድማጭ ላያስተውለው ይችላል፤ የምት መቋረጥን ግን ወዲያው ይሰማዋል። ፍጥነት የሚጨመረው ቅያሬው ሳይቆራረጥ ሲመጣ ነው።

ደግሞ ይዩ

- ጊታር
- ክራር
- ቅኝት