"አባቷም እኮ እንዲሁ ነበር"፦ ቤተሰብ ስለሚጠራጠረው ስም

ደብረ ማርቆስ ላይ ሴት ልጅ አንገቷን ደፋ ካደረገች፣ የትልቅ ሰው ዓይን ትክ ብላ ካላየች፣ ሳይጠይቋት ካልተናገረች "ጨዋ ናት" ትባላለች። እኔም ስባል ነው ያደግኩት። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ስገባ ጨዋነት ነው። ሰርግ ላይ ከበሮው ሲያይል ጆሮዬን ይዤ ስወጣ ዓይን አፋርነት ነው። አንድ ዓይነት ወጥ ብቻ ስበላ ደግሞ ቅብጠት። በ27 ዓመቴ አዲስ አበባ ላይ አንድ ሐኪም ይህን ሁሉ በአንድ ስም ጠራው፦ ኦቲዝም።

እኔ እፎይ አልኩ። ቤተሰቤ ግን አላመነም። እናቴ "ሐኪሙ ምን ያውቃል? የወለድሁሽ እኔ" አለችኝ። አክስቴ "አባቷም እኮ እንዲሁ ነበር፤ እሱንም በሽተኛ ሊሉት ነው?" አለች። ወንድሜ ደግሞ "ዩቲዩብ አብዝተሽ ነው" ብሎ ነገሩን ዘጋው።

ይህን የምታነቡ አንዳንዶቻችሁ ተመሳሳይ መልስ ደርሷችኋል ብዬ እገምታለሁ። እኔ በክርክር ሳልችላቸው ስቀር የስሙን ታሪክ ማንበብ ጀመርኩ። ያገኘሁት ነገር ቤተሰቤን የማይበትን መንገድ አስተባበረኝ ብል ማጋነን አይሆንም። ስሙ ገና ሲወለድ ጀምሮ ከቤተሰብ ጋር ሲካሰስ የኖረ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1938 አንድ አሜሪካዊ አባት ስለ ልጁ 33 ገጽ ደብዳቤ ጻፈ። ልጁ ዶናልድ ትሪፕሌት ይባላል፤ አገሩ ሚሲሲፒ ነው። ደብዳቤው የደረሰው በባልቲሞር ጆንስ ሆፕኪንስ ለሚሠራው የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም ለሊዮ ካነር ነበር። ካነር በ1943 ስለ 11 ልጆች ባወጣው ጽሑፍ ኦቲዝምን ራሱን የቻለ ነገር አድርጎ ሲገልጽ፣ የመጀመሪያው ልጅ ዶናልድ ነው። ታሪኩም በአባቱ ደብዳቤ ላይ የቆመ ነው። ማለትም የዚህ ስም የመጀመሪያ ምስክር የልጁ ቤተሰብ ነበር።

ምስክሩ ግን ብዙም ሳይቆይ ተከሳሽ ሆነ። ካነር ችግሩ ከልጆቹ ጋር የተወለደ ይመስላል ብሎ ነበር። በዚያው ጽሑፍ ግን ከወላጆቹ መካከል ሞቅ ያለ ፍቅር የሚያሳዩት ጥቂቶች መሆናቸውንም ጻፈ። ይህቺ አስተያየት ከዓመት ዓመት እየሰፋች "ፍሪጅ እናቶች" የሚል አባባል ወለደች፤ ልጁ እንዲህ የሆነው እናቱ እንደ ፍሪጅ ስለቀዘቀዘችበት ነው እንደ ማለት። ብሩኖ ቤተልሃይም በ1967 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ ሐሳብ በሰፊው አስፋፋው። ምን ያህል እናቶች ልጃቸውን አቅፈው ከሐኪም ቤት ጥፋተኛ ተብለው እንደወጡ አስቡት።

ክሱን የሰበረው በአብዛኛው የወላጆች ትግል ነው። የኦቲዝም ያለበት ልጅ አባትና የሥነ ልቦና ባለሙያ የሆነው በርናርድ ሪምላንድ በ1964 ጉዳዩ የአስተዳደግ ሳይሆን የተፈጥሮ ነው ብሎ መጽሐፍ ጻፈ። በ1969 ካነር ራሱ በወላጆች ማኅበር ስብሰባ ላይ ቆሞ እናንተን ከዚህ ክስ ነጻ አድርጌአችኋለሁ አላቸው። በ1977 ደግሞ ሱዛን ፎልስታይንና ማይክል ራተር 21 ጥንድ መንትዮችን አጠኑ። ፍጹም ከሚመሳሰሉት 11 ጥንዶች በ4ቱ ሁለቱም ልጆች ኦቲዝም ነበረባቸው። ከማይመሳሰሉት 10 ጥንዶች ግን ሁለቱም የሆኑበት አንድም አልነበረም። ነገሩ በዘር ይወርዳል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ስደርስ የአክስቴ ንግግር ትዝ አለኝና ሳቄ መጣ። "አባቷም እኮ እንዲሁ ነበር" ያለችው ምርመራውን ለማፍረስ ነበር። ሳይንሱ ግን ከ1977 ጀምሮ የሚለው እሷ ያለችውን ነው። ቤተሰብ "እኛ ሁላችንም እንዲህ ነን" ብሎ ሲከራከር፣ ብዙ ጊዜ ሳያውቀው ማስረጃ እየቆጠረ ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ የክሱ ቃል ይለያያል እንጂ ክሱ ያው ነው። በአዲስ አበባ 102 የልጆች ተንከባካቢዎችን ያነጋገረ በ2016 የታተመ ጥናት አለ። የልጆቻቸው የእድገት ችግር ከምን እንደመጣ ሲጠየቁ፣ የወሊድ ችግርንና የጭንቅላት ጉዳትን የጠቀሱ አሉ። ክፉ መንፈስና የኃጢአት ቅጣት ነው ያሉም አሉ። ብዙ ቤት ውስጥ ሁለቱም አብረው ይኖራሉ። "ልክፍት ነው"፣ "የእናቷ እርግማን ነው" የሚል ሰፈር ውስጥ ለኖረች እናት፣ "ልጅሽ ኦቲዝም አለባት" የሚለው ዓረፍተ ነገር "ምን አጥፍተሽ ነው?" ሆኖ ነው የሚሰማት። ስለዚህ "የለባትም!" ትላለች። የምትከላከለው ራሷን ነው፤ እኔንም ጭምር።

ወ/ሮ ዘሚ የኑስን ብዙዎቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ። በውበት ሙያ ሥራቸው የታወቁ ሴት ነበሩ። ኦቲዝም ላለበት ልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት ስላጡ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። በ2021 እስካረፉ ድረስ ያልደከሙበት ነገር ቢኖር በአደባባይ "የእኔ ልጅ ነው" ማለት ነው። ልጅን ጓዳ መደበቅ በተለመደበት አገር፣ እናት በቴሌቪዥን ወጥታ ያለ እፍረት ስትናገር ክሱ ጉልበት ያጣል። ግን ማዕከሉ ያለው አዲስ አበባ ነው፤ ከደብረ ማርቆስ ዓባይን ተሻግሮ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ። ደግሞም የእናቴ ትውልድ ኦቲዝም ሲባል የሚታየው የማይናገር ትንሽ ወንድ ልጅ ነው። ዲግሪ ይዛ የምትሠራ ሴት አትታየውም።

ይህም ታሪክ አለው። ከካነር 11 ልጆች ሴቶቹ 3 ብቻ ነበሩ። እንግሊዛዊቷ ሐኪም ሎርና ዊንግ፣ እሷም ኦቲዝም ያለባት ልጅ እናት፣ በ1981 ባወጣችው ጽሑፍ አጥርተው የሚናገሩ ሰዎችም በዚህ ስም ሥር እንደሚገቡ አሳየች። በ2013 የታተመው የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ደግሞ፣ ምልክቶቹ ከልጅነት የጀመሩ ቢሆኑም ሰው በለመዳቸው ዘዴዎች ሊሸፈኑ እንደሚችሉ በግልጽ ጻፈ። "ጨዋነት" ለእኔ እንዲህ ዓይነት መሸፈኛ ነበር። ማንም አላታለለም፤ ባህሉ የሰጠኝን ልብስ ለበስኩ፣ ልኬ ሆኖ ተገኘ።

አንድ ፍርሃት ግን ትክክል ነው፦ በእኛ አገር ስም ይጣበቃል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ"ፍቅር እስከ መቃብር" የሳሉትን ጉዱ ካሣን አስታውሱት። እንደ ሰው ስላላሰበ ጎጃሜው "ጉዱ" አለው፤ ከዚያ በኋላ የሚናገረው ቁም ነገር ሁሉ የጉድ ንግግር ሆነ። እናቴ "ይህን ወረቀት ለሰው እንዳታሳዪ" ስትለኝ የምትፈራው ይህንን ነው። ስለዚህ ለማን እንደምነግር እኔ እመርጣለሁ፤ ለሰፈር የማውጅበት ምክንያት የለኝም።

ከዚህ ሁሉ ንባብ በኋላ አንድ ነገር ለወጥኩ። እናቴን "ታምኚኛለሽ ወይ?" ማለት ትቼ "ልጅ ሆኜ ምን ዓይነት ነበርኩ?" ብዬ ጠየቅኋት። ሁለት ሰዓት አወራች። ሲኒ በመደዳ ስደረድር እንደምውል፣ አንዱን የነካ ሰው ካለ ቤቱን በለቅሶ እንደማናውጠው፣ የሱፍ ሹራብ ስታለብሰኝ እንደሚያቃጥለኝ እንደምጮህ ነገረችኝ። ከሐኪሙ ወረቀት የተሻለ መዝገብ እሷ ጋ ነበር። ዛሬም ኦቲዝም የሚለውን ቃል አትጠራውም። እኔም አላስገድዳትም።

የምጠይቀው እምነት ሳይሆን ቦታ ነው። ልቅሶ እደርሳለሁ፣ ግን ከግማሽ ሰዓት በኋላ እወጣለሁ። ጠበል እንሂድ ስትለኝ እሺ እላለሁ፣ ግን ሰው ሳይበዛ በማለዳ ይሁን እላታለሁ። እነዚህን ለመቀበል ማንም መጽሐፍ ማንበብ አላስፈለገውም። አክስቴማ አሁን እኔ ስነሳ ሌሎቹን "ተዋት፣ አባቷም ግርግር አይወድም ነበር" ትላቸዋለች።

የእናንተ ቤተሰብ ከዚህ የከፋ ሊሆን ይችላል፤ የሚያፌዝ፣ የሚያስገድድ። ያኔ ወረቀቱን ለራሳችሁ ይዛችሁ የሚሰማችሁን አንድ ሰው ፈልጉ፤ ከቤትም ይሁን ከውጭ። ምርመራው እውነት እንዲሆን የቤተሰብ ድምፅ አያስፈልገውም። ሲጠራጠሯችሁ ግን "ማን ነው ያጠፋው?" የሚለው ጥያቄ ከሥሩ እንዳለ ካያችሁ፣ መጀመሪያ የምትመልሱት እሱን ነው፦ ማንም አላጠፋም።