አድማ

ቃሉ ከ«አደመ» ይወጣል፤ ተማክሮ በአንድ ወገን ላይ ተነሣ ማለት ነው። «አድመኛ» ስንልም ሴረኛ ማለታችን ነው። በሠራተኛ ሕግ ግን አድማ ሴራ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኞች ተባብረው ሥራ ለጊዜው ማቆማቸው ወይም ምርትን ከመደበኛው መጠን ሆን ብለው መቀነሳቸው ነው፤ አስቀድሞ የ10 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጥበታል።

ጦርነት ሲመጣ ሁለቱ ትርጉሞች ይደባለቃሉ፤ ሥራ ያቆመ ሠራተኛ እንደ ከዳተኛ ይታያል። በየካቲት 1966 ጠቅላላ አድማ የጠራውን የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበርን ደርግ አፈረሰው። በ1969 በምትኩ የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር ተቋቋመ፤ በዚያው ዓመት የሶማሊያ ጦር ኢትዮጵያን ወረረ። አዲሱ ማኅበር የተጠበቀበት ሥራ ሠራተኛውን ማንቃትና ምርት ማሳደግ እንጂ መደራደር አልነበረም።

ብሪታንያም በጦርነት ላይ ሳለች፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1940፣ አድማን ከልክላለች፤ ነገር ግን ክርክሩን የሚዳኝ ብሔራዊ የግልግል ጉባኤ አቁማለች። በእኛም ሕግ የክሊኒክና የመድኃኒት ቤት ሠራተኞች አድማ መምታት አይችሉም፤ የጋራ ክርክራቸው ወደ ወሳኝ ቦርድ ይሄዳል።

የደርግና የብሪታንያ ክልከላ ልዩነት እዚህ ላይ ነው። አድማን የሚከለክል መንግሥት የፈጣንና ገለልተኛ ዳኝነት ባለዕዳ ነው። ያንን ሳይከፍል ሠራተኛውን «አድመኛ» ማለት ፍትሕን መንፈግ ነው።