የአዋሽ የባቡር ድልድይ፤ ታሪኩና ወሬው

 

ሰሞኑን ከአሶሳ ወጣቶች አንዱ ጥያቄ አቀረበልን። ወደ ድሬዳዋ ሲጓዝ አዋሽ አጠገብ ሲደርሱ አብረውት የተሳፈሩ ሰዎች ስለ ድሮው የባቡር ድልድይ ያወሩ ነበር። “ቦታው የጂን ነው፤ ሰው ይበላል፤ ሌሊት ጩኸት ይሰማበታል” ሲሉ ሰማ። “ይህ እውነት ነውን?” ሲል ጠየቀን። እኛ የምንኖረው ባቡር በማያልፍበት ክልል ነው። ቢሆንም ጥያቄው እኛንም የሚመለከት ስለሆነ ከታሪኩ እንጀምር።

አጼ ምኒልክ ለባቡር ሐዲዱ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ሐዲዱ ሐረርን ትቶ በቆላው ስላለፈ ድሬዳዋ በእርሱ ምክንያት ተቆረቆረች። ከዚያ ግን ኩባንያው ከሰረና ሥራው ለዓመታት ቆመ። አዲስ ኩባንያ ተቋቁሞ የአዋሽን ገደል በድልድይ ካሻገረ በኋላ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነበር። በ1933 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ሲሸሽ የአዋሽን ድልድይ በፈንጂ ሰበረው። በ1969 እና 1970 ዓ.ም. ደግሞ በሶማሊያ ወረራ ጊዜ በመስመሩ ላይ ያሉ ድልድዮች ተሰባብረው ጉዞው ተቋርጦ ነበር።

ወሬውን የወለደው ግን ከዚያ በኋላ የደረሰው አደጋ ነው። በጥር ወር 1977 ዓ.ም. ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ መንገደኞችን የጫነ ባቡር አዋሽ አጠገብ፣ ገደሉ ላይ ካለው ኩርባ ሲደርስ ከሐዲዱ ወጥቶ ወደ ገደሉ ወደቀ። ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ። በአህጉራችን ከደረሱት የባቡር አደጋዎች እጅግ ከከፉት አንዱ ነው። ምክንያቱም ተነግሯል፤ ነጂው ኩርባው ላይ ፍጥነቱን አልቀነሰም።

እንግዲህ ልብ እንበል! ጂን መኖሩን እናምናለን፤ ቁርኣን ነግሮናል። ነገር ግን የሰውን ጥፋት በጂን ላይ መለጠፍ ሌላ ነገር ነው። “ቦታው ሰው ይበላል” ባልን ቁጥር የፍጥነቱን ነገር እንረሳለን። ያን ያህል ነፍስ በአማና የተረከበ ሰው ኃላፊነትም ይረሳል። ነገም ሌላ ነጂ በሌላ ኩርባ ላይ ያንኑ ይደግማል።

ወሬ ራሱ ሰው እንደሚገድልም ከሩቅ አገር ምሳሌ እናምጣ። በአሜሪካ በሰሜን ካሮላይና ግዛት እ.ኤ.አ. በ1891 አንድ ባቡር ከድልድይ ላይ ወድቆ ከ20 በላይ ሰዎች ሞተው ነበር። ሕዝቡም “የሞቱበት ቀን ሲመጣ የሙታኑ ባቡር ተመልሶ ይታያል” ይል ጀመር። እ.ኤ.አ. በ2010 በዚያው ቀን ሌሊት ጥቂት ሰዎች ይህንኑ ለማየት ድልድዩ ላይ ወጡ። የመጣው ግን እውነተኛ ባቡር ነበር፤ አንድ ወጣት ገጭቶ ገደለ።

አንዳንዱ ደግሞ “የአላህ ቀደር ነው” ብሎ ነገሩን ይዘጋል። በቀደር ማመን ግዴታችን ነው። ነገር ግን ግመሉን ሳያስር በአላህ እመካለሁ ያለውን ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንዴት እንዳረሙት ሁላችንም እናውቃለን። ፍሬኑም ያው የግመሉ ገመድ ነው። የመጣን ወሬ ሳያጣሩ ማሰራጨትም በሱረቱል ሑጁራት ተከልክሏል።

ዛሬ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ባለው አሮጌ ሐዲድ ላይ ባቡር አይሄድም። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር የሚጓዘው በራሱ አዲስ መስመር ነው። እኛም ከአሶሳ ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ ዳቡስንና ዴዴሳን በድልድይ እንሻገራለን። ሾፌሩ ኩርባ ላይ ሲፈጥን “እባክህ ወንድሜ፣ ቀስ በል” ማለት የእያንዳንዳችን ድርሻ ነው። አፍረን ዝም ብለን፣ አደጋ ሲደርስ ጂንን መክሰስ አይገባንም። ወላጆችም የአዋሽን ነገር ለልጆቻችሁ ስትነግሩ ማስፈራሪያ ሳይሆን ትምህርት አድርጉት።

ለሞቱት አላህ ይዘንላቸው፤ እኛንም አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።