ኪንታሮት ሲባል የኖረ ደም

በደብረ ማርቆስ ዙሪያ በጤና መኮንንነት ሳገለግል፣ ከመቀመጫ የሚወርድ ደም ሁሉ አንድ ስም ነበረው፤ ኪንታሮት። ሆድ ሲያስቸግር ኮሶ ይጠጣል፣ ደም ሲታይ መድኃኒት አዋቂ ዘንድ ይኬዳል። በብራና የተጻፉት መጻሕፍተ መድኃኒትም ለኪንታሮት የሚሆነውን ሥርና ቅጠል ይነግራሉ። አዋቂዎቹን አልወቅስም። ደጅ ያበጠውን ያዩ ነበር፤ ውስጥ የበቀለውን የሚያዩበት ግን አልነበራቸውም። የምወቅሰው እኛን፣ ጓንት እያለን ስሙን ብቻ ሰምተን ቅባት ሰጥተን የሸኘነውን ነው።

በ1990ዎቹ አጋማሽ አንድ አዛውንት ጋቢያቸውን ተከናንበው መጡ። አግዳሚው ላይ የተቀመጡት በአንድ ጎናቸው ነው።

«ኪንታሮት ነው ልጄ፤ አባቴንም ይዞት ነበር» አሉኝ።

«ስንት ጊዜ ሆነዎት አባባ?»

«ሁለት ፋሲካ አለፈው።»

በጣት ልመርምርዎት ስላቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ልጃቸው አፍሮ ወጣ። ጣቴ ጠጣር፣ ጠርዙ የሻከረ እብጠት ነካ፤ ጓንቱ በደም ተለውሶ ወጣ። የውስጥ ኪንታሮት ለስላሳ ነው፤ እንዲህ አይጠጥርም። ካንሰር ጠረጠርኩ።

የጨረር ሕክምና ያኔ በአገሪቱ የነበረው አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነው፤ እሱም በ1990 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረ። የአባይን በረሃ ወርደው ወጥተው፣ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ሄዱ። ከወራት በኋላ ሲመለሱ ፊንጢጣቸው በቀዶ ሕክምና ተቆርጦ ወጥቶ፣ አንጀታቸው በሆዳቸው በኩል ተከፍቶ ነበር። የሰገራው ከረጢት ሲያልቅባቸው ከጋቢው ሥር ፌስታል በመቀነት ያስሩ ነበር። ይህን ቀዶ ሕክምና የለንደኑ ሐኪም ኧርነስት ማይልስ በ1908 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ነው። በ1969 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኒው ዮርክ ላይ ሂሮሚ ሺንያና ዊልያም ዎልፍ ፖሊፕን፣ ያችን ካንሰር ያልሆነች እባጭ፣ ሆድ ሳይከፍቱ በአንጀት መመልከቻ ቱቦ (ኮሎኖስኮፕ) ቆርጠው ማውጣት ጀመሩ። ፖሊፕ ካንሰር እስኪሆን አብዛኛውን ጊዜ አሥር ዓመት ገደማ ይፈጃል። የእኚህ ሰው አሥር ዓመት በእርሻው ላይ አለፈ።

በ2004 ዓ.ም. የአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባ ሲጀመር፣ በወንዶች ላይ ከሚታዩት ካንሰሮች የአንጀቱ ከቀዳሚዎቹ ተርታ ተገኘ።

የአዛውንቱን አባት የያዛቸው ምን እንደነበር አይታወቅም፤ የመረመራቸው የለም። የአዛውንቱን ልጅ ግን ለብቻው ጠርቼ፣ «አንተ 40 ዓመት ሲሞላህ፣ ደም ባታይም ተመርመር» አልኩት።

እናንተም ደም ካያችሁና ኪንታሮት ነው ተብሎ ቅባት ከተጻፈላችሁ፣ ከመቀበላችሁ በፊት «መጀመሪያ በጣት መርምሩኝ» በሉ።