ክረምት፣ ጥድ፣ ጉቶ

ሳሪስ አቦ ታክሲ ስጠብቅ አጠገቤ የቆመ ወጣት በስልክ «እሑድ ጉለሌ ሄደን ወክ እናድርግ» ይላል። ወክ የእንግሊዝኛ ናት፤ ተንሸራሸረ የወለዳት ሽርሽር እያለችልን ተበድረናታል። አልፈርድበትም። ሽርሽር ቅርጫትና ምንጣፍ ትጠይቃለች፤ ወክ ጫማ ብቻ።

ወሩ ታኅሣሥ ነው። ፈረንጅ ቢሆን «የክረምት ጉዞ» ይለው ነበር፤ ተርጓሚዎቻችን ለፈረንጅ የብርድ ወራት የሚያውሱት ቃል ክረምት ነውና። የሳሪስ ሰው ግን በክረምት የሚያውቀው ጉዞ ቦቲ ጫማና ጭቃ ያለበትን ነው። ብርዱ የሚጠናው ሰማዩ ከጠራ በኋላ፣ ማለዳ ሣሩ ላይ ውርጭ ሲያርፍ ነው።

የክረምት ሥር ከረመ ነው፤ ወቅትን በአንድ ቦታ ማሳለፍ። ዝናብ መንገድ ሲዘጋ ሰው ባለበት ይከርማል። በግእዝ ክረምት «ዓመት» ማለትም ይሆናል፤ ዕድሜ በዝናብ ይቆጠር ነበር ማለት ነው። የዚያ ቆጠራ ፍርፋሪ ዛሬም አፋችን ላይ አለ፦ የሚመጣውን ዓመት ከርሞ እንላለን፣ የተለየንን ወዳጅ እንዴት ከረምህ እንላለን። ሁለቱንም የምንለው ስለ ዝናብ ሳናስብ ነው።

በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው። ከዚያ መፀው ይገባል፤ ከታኅሣሥ 26 ጀምሮ በጋ፣ ከመጋቢት 26 ጀምሮ ጸደይ። እዚህ ላይ አንድ ስርቆት አለ። ዘፋኙም ጋዜጠኛውም የመስከረሙን አበባ ጸደይ ይለዋል። ጸደይ ግን በልግ ነው! የአደይ አበባ ወቅት ባለቤት መፀው ሲሆን ስሙን ተቀምቶ መጽሐፍ ውስጥ ቀርቷል። የማስመለስ ተስፋ የለኝም።

ልማዱ ከመጽሐፉ ይልቅ ይቸኩላል። ቡሄ ካለፈ ክረምት የለም ይባላል፤ ቡሄ ነሐሴ 13 ነው፣ በመጽሐፉ ገና ከአርባ ቀን በላይ ይቀራል። ዝናቡ ግን አይቸኩልም፤ ጳጉሜ 3 ሩፋኤል ነው። የዕለቱ ዝናብ ጠበል ነውና ልጆች ልብሳቸውን ጥለው ይወጡበታል።

ወደ ወጣቱ ጉለሌ እንመለስ። የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል በ705 ሄክታር ላይ ያረፈ፣ የከተማው አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያቋቋሙት ቦታ ነው። በስሙ ውስጥ ያለው ዕፅዋት የዕፅ ብዙ ነው፤ ዕፀ በለስ፣ ዕፀ ሕይወት ስንል የምናገኘው ዕፅ። ይኸው ዕፅ አማርኛ ውስጥ ዐይኑን ጥሎ፣ ነ አስገብቶ፣ ፀን ወደ ጨ ለውጦ እንጨት ሆነ። አንዱ ቃል በማዕከሉ በር ላይ ተጽፏል፤ ወንድሙ ከእንጦጦ በሚወርዱ ሴቶች ጀርባ ላይ ታስሯል።

ማዕከሉ አገር በቀል ዛፍ ለመመለስ ባሕር ዛፍ ያስወግዳል። ባሕር ዛፍ ከነመታወቂያው የመጣ ስም ነው፦ ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ። የባሕር ማሽላ የተባለው በቆሎም እንዲሁ ነው። በኦሮምኛ ባርጋሞ ይባላል፤ በውስጡ ባሕርና ጋማ፣ ማለትም ማዶ፣ ይሰማሉ። የፈረንጁ ስም ሌላ ነገር አይቷል፤ ኤው በግሪክ «በደንብ»፣ ካሊፕቶስ «የተሸፈነ» ነው፣ እምቡጡ ክዳን ስላለው። በ1880ዎቹ መጨረሻ በምኒልክ ዘመን ገብቶ በማገዶ እጦት ልትለቀቅ የነበረችውን ከተማ አቆማት። ሲቆረጥ ደግሞ ስሙ በሥራው ይለወጣል፦ አጠና፣ ቋሚ፣ ማገር፣ ጭራሮ። ሳሪስ ሕንፃ ሲሠራ ሠራተኛው የሚቆምበት መወጣጫ አጠና ነው፤ ማንም ባሕር ዛፍ አይለውም።

በምትኩ ከሚተከሉት አንዱ ጥድ ነው። በግእዝ ጽሕድ ነበር፤ ትግርኛ ጽሕዲ ይለዋል። ሐ ወደቀ፣ ጸ ጠ ሆነ። ለሚጠራጠር ምስክር አለኝ፦ ጽሕምም በዚያው መንገድ ሄዶ ጢም ሆኗል። ጥድ ለዘመናት ጥድ ብቻ ነበር። የሜክሲኮው ዘመዱ ሲመጣ የፈረንጅ ጥድ ተባለና ባለቤቱ በገዛ አገሩ የአበሻ ጥድ ለመባል ተገደደ። የእንግዳው ሳይንሳዊ ስም ሉዚታኒካ ነው፣ «ፖርቱጋላዊ»፤ ሜክሲኮን እንኳ አልጠራም።

አሁን ባሕር ዛፉን የማስወገዱ ሥራ ምን ይባል? ጭፍጨፋ አይሆንም፤ ሰው ሲታረድም የምንለው ቃል ነው። ምንጣሮ ለእርሻ ነው፣ መሬቱን ራቁቱን ያስቀረዋል። የደን ባለሙያዎች ማሳሳት ይላሉ፣ ከሳሳ፣ ስስ አደረገ። ከዚህ አጠገብ ሌላ ሳሳ አለ፤ ስስትን የወለደው፣ ከግእዙ ሥሡዕ የሚዛመደው፣ እናት ለልጇ የምትሳሳው። ሁለቱ ዘመድ አይደሉም፤ ሆኖም ጎረቤትነታቸው ደስ ይለኛል።

ማሳሳትም ቢሆን ለባሕር ዛፍ አይበቃም። የተቆረጠው ያቆጠቁጣል፤ ቁጥቋጦም ከዚሁ ግስ ነው። ከአንዱ ጉቶ ብዙ ቀጫጭን ግንዶች ይነሣሉ። ስለዚህ ዛፉ እንዳይመለስ የሚፈልግ ሰው መቁረጥ የሚለውን ቃል ትቶ መንቀልን ይይዛል፣ ጉቶውንም ከነሥሩ ያወጣል።