«ሸዋ ሮቢት ትወርዳለህ!»፦ ለተማሪ ያልተነበበው ሕግ

ማጀቴ ያደገ ልጅ የወንጀል ሕግን የሚማረው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ሸዋ ሮቢት ትወርዳለህ!» ከሰው ማሳ ሸንኮራ የቆረጠም፣ መስኮት የሰበረም፣ ከመምህር የተጣላም የሚባለው ይኸው ነው። እኛም ተብለናል። ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ አውቶቡሱ ሸዋ ሮቢት ሲገባ፣ ወህኒ ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ በአንገታችን ስንፈልግ የነበረው ለዚህ ነው። ልጅ የሆነ ሰው ሲያጠፋ ሕጉ ምን እንደሚለው ግን ማንም አልነገረንም።

ነገሩ ቆየት ያለ ታሪክ አለው። በድሮው ዘመን ልጅ ከሳሽም ተከሳሽም ሳይሆን «መርማሪ» የሆነበት ጊዜ ነበር። ሌባሻይ ይባላል። ዕቃ ሲጠፋ አንድ ትንሽ ልጅ መድኃኒት ይጠጣና ወገቡን በመቀነት ታስሮ ይለቀቃል፤ እየተንገዳገደ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት «ሌባ» ይባላል፣ ይከፍላል። ልጁ ምን እንደጠጣ፣ በነጋታው እንዴት እንዳደረ የሚጠይቅ አልነበረም። በሃያኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ግድም ተከለከለና ቀረ።

ከዚያ 1949 ዓ.ም. መጣ። የስዊሱ የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን ያረቀቁት የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ልጆችን በዕድሜ ከፈላቸው። ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ያለው በወንጀል ቢጠየቅም እንደ አዋቂ አይቀጣም፤ ወቀሳ፣ በክትትል ማስተማር፣ ቢብስ የጠባይ ማረሚያ ተቋም። አንዷ እርምጃ በተለይ ትገርመናለች፦ ዳኛው ልጁ በዕረፍት ሰዓቱ ትምህርት ቤት ወይም ቤቱ ተወስኖ ሥራ እንዲሠራ ሊያዝ ይችላል። ክፍል መጥረግን የፈለሰፉት የእኛ ዩኒት ሊደሮች ብቻ ይመስሉን ነበር! (በዚያው ሕግ ከ12 ያልበለጠ የአርጩሜ ግርፋትም ነበረበት። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ነው ያስቀረው።) በ1954 ዓ.ም. የወጣው የሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ የተያዘ ልጅ ወዲያው ዳኛ ፊት እንዲቀርብ፣ ጉዳዩም በዝግ ችሎት እንዲታይ ደነገገ።

ወረቀቱ ላይ ያማረ ነው። ግን በመላ አገሪቱ ለረዥም ዓመታት የነበረው የልጆች ማረሚያ ተቋም አንድ፣ እሱም አዲስ አበባ ልደታ። የይፋት ልጅ ቢያጠፋ ወዴት ይላክ?

ትልቁ ክፍተት ግን 15 ላይ ነው። በአዋጅ ቁጥር 10/1984 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን ሕፃን የሚለው ከ18 በታች ያለውን ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም አንቀጽ 36 ላይ የሚታሰሩ ሕፃናት ከአዋቂዎች ተለይተው ይያዙ ብሏል። የ1996ቱ ሕግ ግን የ1949ኙን ድንበር አልነካውም፤ ከ15 እስከ 18 ያለው የሚዳኘው በአዋቂዎች ድንጋጌ ነው። ቅጣት ሊቀልለት ይችላል፣ የሞት ፍርድ አይፈረድበትም። እንግዲህ 15 የሞላው ልጅ ማለት ስምንተኛ ወይም ዘጠነኛ ክፍል የተቀመጠ ተማሪ ማለት ነው። ሥነ ዜጋ ስንማር «የሕግ የበላይነት» እና «ፍትሕ» የሚሉ ምዕራፎችን ሸምድደን ፈተና አልፈናል፤ ይህችን ቁጥር ግን አናውቃትም ነበር።

በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የምስለ ፍርድ ቤት ውድድር ጀምሯል። ተማሪዎች የፈጠራ ጉዳይ ይዘው በሁለት ወገን ይከራከራሉ። ደስ ይላል፤ አያቶቻችንም በላ ልበልሃን የተማሩት ዛፍ ሥር ችሎት ቆመው እያዩ ነው። ችግሩ፣ ውድድር የሚደርሰው ለጥቂቶች ነው። አንቀጽ 52፣ 53 እና 56ን ለማንበብ ግን አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃል።

ከንባቡ ጋር ዕድሜም አብሮ ይነሣ። የልደት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው ገና በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለድነው ትምህርት ቤት የገባነው እጃችንን በአናታችን አሳልፈን ሌላኛውን ጆሯችንን መንካት ስለቻልን ነው፤ ዕድሜያችንን መዝጋቢው ቁመታችንን አይቶ ሞላው። ከእኛ አንዱ በዚያ መዝገብ ከታናሽ ወንድሙ በአንድ ዓመት ያንሳል። ያኔ ስቀንበታል። 14 እና 15 ለዳኛ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ግን በመካከላችን አልነበረም።