የምርት መርሐ ግብር

የምርት መርሐ ግብር በአንድ ፋብሪካ ውስጥ የትኛው ሥራ፣ በየትኛው ማሽን፣ መቼ ተጀምሮ መቼ እንደሚያልቅ የሚወስን አሠራር ነው። የምርት ዕቅድ ምን ያህል እንደሚመረት ይናገራል፤ መርሐ ግብር ደግሞ ተራ ያስይዛል።

አመጣጥ

ሥራን በጊዜ መስመር ላይ በአግድም ዘንግ የሚያሳየው ሰንጠረዥ በአሜሪካዊው መሐንዲስ በሄንሪ ጋንት (1861–1919 እ.ኤ.አ.) ስም ይጠራል። ይሁንና ቀዳሚነቱ አከራካሪ ነው። ፖላንዳዊው መሐንዲስ ካሮል አዳሚዬትስኪ (1866–1933) ሐርሞኖግራም ያለውን ሰንጠረዥ በ1896 ገደማ እንደሠራ ይነገራል። በሰፊው ያሳተመው ግን በ1931 ነው፤ የጻፈውም በፖላንድኛና በሩሲያኛ ስለነበር በምዕራቡ ዓለም ሳይታወቅ የቆየው በዚህ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም። የጋንት ሰንጠረዥ በአንጻሩ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአሜሪካ የጦር መሣሪያ ምርት ላይ ዋለ፤ በ1922 ዋላስ ክላርክ ስለ እሱ መጽሐፍ ካወጣ በኋላም በብዙ አገር ተሰራጨ።

የአዳሚዬትስኪ ሥራ ከዚህ የተሻለ ስም ይገባዋል። ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ የወረቀት ቁራጭ ነበረው፤ ቁራጩ ላይ ሥራው የሚወስደው ጊዜ ብቻ ሳይሆን ከእሱ በፊት ማለቅ ያለባቸውና ከእሱ የሚቀጥሉት ሥራዎችም ይጻፋሉ። አንዱ ሲዘገይ ምልክቱ ይንሸራተታል፤ የትኞቹ አብረው እንደሚዘገዩም ወዲያው ይታያል። በጋንት የመጀመሪያ ሰንጠረዦች ላይ ይህ ትስስር በግልጽ አይታይም ነበር።

የጆንሰን ደንብ

ሁሉም ሥራ በሁለት ማሽኖች በአንድ ቅደም ተከተል ሲያልፍ የሚሠራ ደንብ ሲሆን፣ ሰልመር ጆንሰን በ1954 አወጣው። ከሁሉም አጭሩ ጊዜ ይፈለጋል፤ በመጀመሪያው ማሽን ላይ ከሆነ ሥራው ይቀድማል፣ በሁለተኛው ላይ ከሆነ መጨረሻ ይሆናል፤ በቀሩትም ላይ ይኸው ይደገማል። ለምሳሌ በአንድ የልብስ ፋብሪካ ሸሚዙ 3 ሰዓት ቆረጣና 6 ሰዓት ስፌት፣ ሱሪው 5 ሰዓት ቆረጣና 2 ሰዓት ስፌት ይፈልጋል እንበል። ሸሚዙ ከቀደመ ሁሉም በ11 ሰዓት ያልቃል፤ ሱሪው ከቀደመ ሰፊው ገና ከጅምሩ 5 ሰዓት እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል፣ ሥራውም 14 ሰዓት ይፈጃል። ሠራተኛውም ማሽኑም ያው ነው፤ የተለወጠው ተራው ብቻ ነው።

ብዙ ማሽኖች

ማሽኖቹ ሲበዙና እያንዳንዱ ሥራ የየራሱን መንገድ ሲከተል እንዲህ ያለ ቀላል ደንብ አይገኝም። ፊሸርና ቶምሰን በ1963 ያቀረቡት የ10 ሥራና የ10 ማሽን ጥያቄ ከ930 የጊዜ መለኪያ በታች ሊያልቅ እንደማይችል በካርሊዬና በፔንሶን የተረጋገጠው በ1989 ነው።